ቡና የሚያብበው በዝናብ ነው ወይስ በጥም?

በጅማም ሆነ በሲዳማ የቡና ተክል ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከበጋው ድርቀት በኋላ የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ሲጥል፥ ብዙ ቀን ሳይቈይ የቡናው ቅርንጫፍ ነጭ ይለብሳል። ስለዚህ ቡናን የሚያፈካው ዝናቡ ነው ይባላል። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ዝናብ ብዙ ሳያቋርጥ በሚጥልበት አገር የበቀለ ቡና ውሃ ሳይጐድልበት አበባው ባንድነት አይወጣም፤ ለብዙ ወራት ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠባል። እንግዲህ ከዝናቡ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት የእምቡጡ መፈጠርና የአበባው መከፈት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አስቀድመን እንለይ። እምቡጡ የሚፈጠረው ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋራ በሚገናኝበት ብብት ነው። ለዚህም አራቢካ የተባለው ቡና አጭር ቀን ይፈልጋል፤ የቀኑ ብርሃን ከ13 ወይም ከ14 ሰዓት ሲበልጥ ሥራው ይሰናከላል። በአገራችን የቡና ቦታዎች ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት ስለማይሞላ ይህ ብዙ አያሳስበንም። የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። እምቡጡ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል ካደገ በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይሞትም፥ አያድግምም፤ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ተኝቶ ይቈያል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ብራዚላዊው የዕፀዋት ሊቅ ፓውሎ አልቪም «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፥ ይህ እንቅልፍ እንዲሰበር ተክሉ አስቀድሞ መጠማት እንዳለበት ገለጠ። በ1992 ደግሞ ክሪሶስቶ፥ ግራንትስና ማይንዘር በሃዋይ ጥሙን በቍጥር ለኩት። ጎሕ ሳይቀድ የሚለካው የቅጠሉ የውሃ ኀይል ከዜሮ በታች 0.8 ሜጋፓስካል ካለፈ በኋላ ውሃ የጠጡት ዛፎች በ9 ቀን ውስጥ አበቡ፤ ጥማቸው ከዚህ ያነሰው ግን አላበቡም። ይልቁንም እኛን ያስደነቀን ሥሩን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን በደረቅ፥ ሌላውን በርጥብ አፈር ያቆሙበት ሙከራ ነው። ቅጠሉ እስከዚያ ድረስ ሳይጠማ እምቡጡ ተከፈተ። እንዲህ ከሆነ ከደረቀው ሥር ወደ እምቡጡ የሚሄድ አንድ መልእክት መኖሩን እንጠረጥራለን።

መልእክተኞቹ ሆርሞኖች ናቸው፤ በዋናነት የሚጠረጠሩትም ሦስት ናቸው። አብሲሲክ አሲድ በድርቅ ጊዜ ይበዛል፥ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፥ እድገትንም ይገታል። ጂብሬሊን በአንጻሩ ሕዋሳትን ያስረዝማል፤ በ1990 በሃዋይ የወጣ ጥናት ጂብሬሊን የተረጨበት ቡና ቀድሞ እንዳበበና የፍሬውም መብሰያ እንደተቀራረበ ያሳያል። ሦስተኛው ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ፥ ኤቲሊን ነው። በቅርብ ዓመታት በብራዚል የተደረጉ ምርመራዎች ድርቁና ከድርቁ በኋላ የሚመጣው ውሃ የቡናውን የኤቲሊን አሠራርና ለኤቲሊን ያለውን ስሜት እንደሚለውጡ አረጋግጠዋል። በኛ አስተያየት ከሦስቱ አንዱን ብቻ አዛዥ አድርጎ መፈለግ አይጠቅምም፤ እምቡጡ የሚሰማው የመጠናቸውን መለዋወጥ ይመስለናል።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ እንዳይመስል ወደ ቡናው ማሳ እንመለስ። በጥር ያለጊዜው ካፊያ ቢጥል፥ ጥማቸው የደረሰ እምቡጦች ይከፈታሉ፥ የቀሩት ይተኛሉ። በየካቲት ሌላው፥ በመጋቢት ሌላው ይከተላል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር በኋላ ባንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፥ ቀይና የደረቀ ፍሬ ጐን ለጐን ይገኛል። ለቃሚው ወይ አራትና አምስት ጊዜ መመለስ አለበት፥ ወይም ሁሉን ባንድነት ገፎ ያወርዳል። ጥሬው ፍሬ የሲኒውን ጣዕም እንደሚያበላሽ፥ ዋጋውንም እንደሚቀንስ ለቡና ነጋዴ መንገር አያሻም።

በብራዚል ሴራዶ በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ውሃውን 70 ቀን ያህል ሆን ብለው ይከለክሉና እንደገና ይለቁታል፤ አበባውም ባንድነት ይወጣል። ጥሙ ከልክ ሲያልፍና ሙቀት ሲጨመርበት ግን ቅጠሉ ይረግፋል፥ አበባውም ትንንሽና አረንጓዴ ኮከብ መስሎ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። መስኖ የሌለው የኛ ገበሬ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጂብሬሊን ግዛ ማለትም ለጊዜው ቀልድ ነው። ይልቅስ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ አንድ የዝናብ መለኪያ ይዘው፥ በጥቂት ዛፎች ላይ ምልክት የታሰረባቸውን ቅርንጫፎች እምቡጥ እየቈጠሩ፥ ከጥር እስከ ሚያዝያ እያንዳንዱ ዝናብ ስንት ሚሊሜትር እንደነበረና ስንቱን እምቡጥ እንደከፈተ ቢመዘግቡልን እንወዳለን።