ዕጢ ገቺ ጂኖች በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር

ዕጢ ገቺ ጂኖች የህዋስን መባዛት የሚቆጣጠሩ፣ የተጎዳ ዲኤንኤ እንዲጠገን ወይም ህዋሱ እንዲሞት የሚያደርጉ ዘረመሎች ናቸው። በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ሥራቸው ሲቋረጥ ዕጢው ያድጋል፤ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎችም ሊዛመት ይችላል።

አሠራር

አብዛኛውን ጊዜ ህዋስ የአንድን ጂን ሁለት ቅጂዎች ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት ነው። ጥበቃው የሚፈርሰው በአመዛኙ ሁለቱም ሥራ ሲያቆሙ ነው። ጂኑ ራሱ ሊበላሽ ይችላል፤ ሳይበላሽም ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ተለጥፎበት ፕሮቲን ማምረት ሊያቆም ይችላል።

ዋና ዋና ጂኖች

* ፒቴን፦ በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1997 ተለየ። ህዋስ እንዲያድግ የሚያዘውን መልእክት ያዳክማል። ኢንዶሜትሪዮይድ በተባለው የተለመደ ዓይነት ገና ከጅምሩ ስለሚጠፋ፣ መጥፋቱ ብቻውን የካንሰሩን መዛመት አያሳይም።
* ኤምኤልኤች1፦ የዲኤንኤ ቅጂ ስህተትን ከሚያርሙት አንዱ ነው። በዚህ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚያቆመው በሜቲል ምክንያት ነው።
* ቲፒ53፦ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። መበላሸቱ በፍጥነት በሚዛመተው ሴረስ በተባለው ዓይነት ጎልቶ ይታያል። የተበላሸው ፕሮቲን በህዋሱ ውስጥ ስለሚከማች፣ በናሙና ምርመራ በብዛት መታየቱ የጤና ሳይሆን የአደጋ ምልክት ነው። ጭራሽ አለመታየቱም እንዲሁ።
* ሲዲኤች1፦ ህዋሶችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ያመርታል። ምርቱ ሲቀንስ የካንሰር ህዋሶች በቀላሉ ይላቀቃሉ።

ስርጭት

በ1ኛ ደረጃ ካንሰሩ በማህፀን አካል ውስጥ ብቻ ነው። በ2ኛው ወደ ማህፀን በር፣ በ3ኛው ወደ እንቁላል ማምረቻ ወይም በአቅራቢያው ወዳሉ የሊምፍ ዕጢዎች፣ በ4ኛው ወደ ፊኛ፣ አንጀት ወይም እንደ ሳንባ ወዳሉ ሩቅ አካላት ይደርሳል።

በኢትዮጵያ

በተለምዶ «የማህፀን ካንሰር» የሚለው ስም ለዚህኛውም ለማህፀን በር ካንሰርም ያገለግላል። በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት የሚከላከለው የማህፀን በርን ካንሰር እንጂ ይህኛውን አይደለም። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። በመንዝ ደጋ አካባቢዎች ለሚኖሩ ሴቶች ጉዞው ሩቅ በመሆኑ ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ዋናው ምልክት የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚታይ ደም ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በሐኪም መታየት አለበት። በ1ኛ ደረጃ የተገኘ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ማህፀንን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ይድናል።