የጁባ ሳሎናችንን እንዴት እናሰናዳው?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቻችን ቤት ዋሉ። ብዙዎቻችን ሳሎናችንን በደንብ ያየነው ያን ጊዜ ነው፤ ወፍራም ሶፋ፣ ትልቅ ምንጣፍ፣ ድርብ መጋረጃ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችው አዲስ አበባ ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ሲመሽ ይበርዳል። ጁባ ግን ነጭ ዓባይ ዳር፣ 550 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለብርድ በተሰናዳ ሳሎን ውስጥ ልጅ የቤት ሥራውን መሥራት ይከብደዋል።

ከጌጡ በፊት ፀሐይዋን እንይ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እኩለ ቀን ላይ ጣሪያውን ትመታለች፤ ጠዋት የምሥራቁን፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን ግድግዳ። ቤታችሁ ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ ከሌለው ለሶፋ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለኮርኒስ አውሉት። የልጁን ጠረጴዛ ከምዕራቡ ግድግዳ አርቁት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚግለው እሱ ነው። በዚያ በኩል መስኮት ካለ ጥላውን ከውጭ አድርጉለት። የውስጥ መጋረጃ ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው።

ስለ ዕቃ የሐረሪዎችን ቤት አስቡ። መቀመጫው ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደብ ነው፤ ጌጡ፣ ማለትም ስፌቱና ሳህኑ፣ ግድግዳ ላይ ነው። እኛም ጌጡን ወደ ግድግዳ ብንሰቅለው ወለሉ ይለቀቃል፤ አቧራውንም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይቀላል። ሶፋውን ለመሸጥ ካሳሳችሁ የሚታጠብ የጥጥ ልብስ አልብሱት። ረከቦቱ ከቦታው አይነሳ፤ ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉት። እናቶች አይቆጡኝ፣ ጭሱም ሙቀቱም ለቤት አይበጅም።

የውስጥ ግድግዳ ነጭ ወይም ክሬም ቢሆን ክፍሉን አያቀዘቅዘውም፤ ለዚያ የሚረዳው የጣሪያውና የውጭው ግድግዳ መንጣት ነው። ብርሃን ስለሚመልስ ግን በትንሽ አምፖል ያብቃቃችኋል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ዓይን ይወጋልና አትምረጡ። ደማቅ ቀለም የሚወድ ትራሱን ጥለት ያድርገው፤ ሲሰለቸው ይቀይረዋል።

በጄኔሬተር ወይም በሶላር ለምንኖር አምፖል ትልቅ ጉዳይ ነው። 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፤ የድሮው አብዛኛውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠው ነበር። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለው ቢጫማ ነው፤ ለሳሎንና ለመኝታ ይስማማል። ለጥናት 4000 ይሻላል። ልጁ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ከሆነ መብራቱን በግራው አድርጉለት፤ አለዚያ የእጁ ጥላ ደብተሩ ላይ ያርፋል።