ለመኪና ያልሆነ ሞላ

«ጋሼ፣ ለየትኛው መኪና ነው?»

ሶማሌ ተራ ገብቶ ሞላ የጠየቀ ሰው በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ ይኸው ነው። አባቴ የ9 ዓመቱን ልጄን እጅ እንደያዙ «ለመኪና አይደለም፤ ለዚህ ልጅ መጫወቻ ነው» ሲሉት ባለሱቁ ለአፍታ ግራ ተጋባ። ከዚያ ሳቅ ብሎ ሞላ የታጨቀበትን ካርቶን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈላቸው።

መጫወቻው ፒንቦል ነው። ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ በሞላ ኃይል ተገፍታ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከዚህም ከዚያም እየተጋጨች ስትወርድ ተጫዋቹ በሁለት ትንንሽ መቅዘፊያዎች መልሶ ይመታታል። ካመለጠችው አለቀ። በውጭ ፊልሞች ላይ ቡና ቤት ጥግ ቆሞ ሲጮህና ሲብለጨለጭ የሚታየው ባለ መስታወት ማሽን ማለት ነው።

ልጄ የሚያውቀው በስልክ ነበር። እሱ አቀርቅሮ ይጫወታል፣ አያቱ አጠገቡ ተቀምጠው ያያሉ፣ ቃል የሚለዋወጡት ለእራት ሲጠሩ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ አባቴ «ይህቺ ኳስ የእውነት ብትሆን ምን ይገፋታል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም።

መጀመሪያ ያሰብነው እውነተኛውን ማሽን ስለመግዛት ነበር። ጥቂት ካጣራን በኋላ ተውነው። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይሸከመዋል? ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ደግሞ በ110 ቮልት ገደማ ስለሚሠራ፣ ባለሙያ ሳያስተካክለው በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ጉዳት ይደርስበታል። አሮጌ ማሽን ከውጭ ለማስመጣት የሚያስቡ ካሉ፣ ከመብራቱና ከሥዕሉ ይልቅ ሰሌዳውን ይመልከቱ። የተቧጨረች ኳስ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትልጠዋለች፤ እንጨቱ ከታየ እድሳቱ ከባድ ነው። የጎማ ቀለበቶቹ ደርቀው ቢያገኟቸው ግን አይደንግጡ፣ እነሱ የሚቀየሩ ናቸው።

እናቴ የሰጉት በሌላ ነገር ነው። «ቁማር ቤቴ ልታስገቡ ነው?» አሉ። ጆተኒና ፑል ቤት ልጅ ከትምህርት ሲያስቀር ያየ ወላጅ ይህን ቢል አይፈረድበትም። የኒውዮርክ ከንቲባ የነበረው ላጓርዲያም የእናቴ ወገን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ፒንቦልን ቁማር ነው ብሎ አግዶ ማሽኖቹን በመዶሻ ሰባብሯል። በእርግጥ ያን ጊዜ ማሽኖቹ መቅዘፊያ አልነበራቸውም፤ ኳሷ ከተለቀቀች በኋላ ነገሩ በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ ነበር። ጎትሊብ የተባለው ኩባንያ «ሃምፕቲ ዳምፕቲ» በተሰኘው ማሽኑ መቅዘፊያ ያስገባው በ1947 ነው። የኒውዮርክ እገዳ የተነሳው ደግሞ በ1976፣ ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ኳሷ የት እንደምትገባ አስቀድሞ ተናግሮ እዚያው ካስገባት በኋላ ነው። እናቴ ታሪኩን ከሰሙ በኋላ «ገንዘብ ካልተያዘበት ይሁን» አሉ።

ስለዚህ ሠራነው። ሶማሌ ተራ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ፍሬን ሸራና ስፖኪዮ ነው፤ ነገር ግን ለፒንቦል የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው አለ። ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፤ ስማቸው እንደ መርካቶ እንደራሷ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ሞላ ሲመርጡ ልጁ ራሱ በአውራ ጣቱ ይጫነው። የሞተር ቫልቭ ሞላ ጎልማሳ እንኳን አይገፋውም፤ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ሳይክል የወጣ ለስላሳ ሞላ ይሻላል። ኳሷ ከአሮጌ ኩሽኔታ ትገኛለች፤ ሆኖም ሁሉም ኩሽኔታ ኳስ የለውም፣ ሮለር ያለበትም ብዙ ነው፤ ሳይከፈልበት ማየት ነው። ኩሽኔታ ቤት ውስጥ በመዶሻ ለመስበር አይሞክሩ። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ስንጥሩ ዓይን ያጠፋል። አባቴ ያስከፈቱት እዚያው፣ መነጽር ባደረገ ሠራተኛ ነው።

ሰሌዳው 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ነው። ከኋላ በኩል 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው፤ ይህ በዛሬዎቹ ማሽኖች ከተለመደው 6.5 ዲግሪ ዝንባሌ ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ካነሰ ኳሷ ትንቀራፈፋለች፣ ከበዛ ልጅ አይደርስባትም። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን በውኃ ልክ ያረጋግጡ፤ እኛ ይህን ዘለን ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ግራ እየሄደች ሁለት ቀን ተናደናል። ምስማሮቹ ላይ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ስናደርግ ጨዋታው ነፍስ ዘራ። ከላይ በፕላስቲክ መስታወት ከደንነው። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ሕፃን ያለበት ቤት የብረት ኳስ ሜዳ ላይ መገኘት የለባትም።

አሁን ነጥብ የሚያዘው በጠመኔ፣ ከበሩ ጀርባ ነው። ክብረ ወሰኑ የእናቴ ነው። ሞላው በወር በሁለት ወር ስለሚላላ አያትና የልጅ ልጅ እንደገና ታክሲ ይሳፈራሉ። ልጁ «ይሄ ጠንከር ይላል አባባ»፣ እሳቸው «የለም፣ ይሄኛው ይሻላል» እያሉ ካርቶኑ ላይ አጎንብሰው ይከራከራሉ። ባለሱቁም ስለ መኪና መጠየቁን ትቷል። ሲያያቸው የሚለው «ጋሼ፣ ስንት ገባ?» ነው።