ስለ መኪና ዲፈረንሻል ዘይት አለዋወጥ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ ወዲያ በሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ከደጋው ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። የሊማሊሞ መንገድ የተሠራው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ዘርና ማዳበሪያ ጭኖ በዚህ መንገድ የሚመላለስ መኪና ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በመካከላቸው ባለው በዲፈረንሻል ነው።

መኪና ሲጠመዘዝ በውጭ በኩል ያለው ጎማ በውስጥ ካለው ይልቅ ረዥም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ አንዱ በግድ ይንሸራተት ነበር። ዲፈረንሻል ግን ኃይሉን እያካፈለ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ፍጥነት እንዲዞር ያደርጋል። ጥርሶቹም ሲፋተጉ ብረትን ከብረት የሚለየው ወፍራሙ ዘይት ብቻ ነው።

የሞተሩን ዘይት ሹፌሩ ዘወትር ይመለከታል፤ የዲፈረንሻሉ ግን ከዓይን የተሰወረ ስለ ሆነ ይረሳል። በክረምት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሲሠራ የዋለና የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲኰማተርም መተንፈሻው በጭቃ የተደፈነ እንደ ሆነ ውኃ በማኅተሞቹ በኩል ይስባል። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል፤ ጥርሶቹንም ያዝጋል።

ይህን ዘይት ጠንቃቃ ሹፌር በደጁ ሊለውጠው ይችላል። አስቀድሞ ዘይቱ ሞቆ እንዲቀጥን መኪናው ጥቂት ይነዳ። ከዚያም በደልዳላ ሜዳ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ጎማዎቹም በፊትና በኋላ በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ክሪክ ያዳለጠ እንደ ሆነ ሰው ይገድላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው፤ ከማፍሰሻው ቡሎን በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታ። አሮጌው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው ቡሎን በዝገት ተይዞ አልፈታ ቢል፥ መኪናው ዘይት አልባ ሆኖ ከደጅ ይቀራል።

የማፍሰሻው ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ በሰፊ ዕቃ ይጠራቀም፤ መልኩም ይመርመር። በቡሎኑ ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ድካም ነው። የብረት ስባሪ ቢገኝ ግን ጥርስ መሰበሩን ያሳያልና መኪናው ወደ ጋራዥ ይሂድ። ቡሎኑ ተጠርጎ ከታሰረ በኋላ አዲሱ ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር እስኪንጠባጠብ ድረስ ይሞላ፤ መተንፈሻውም ይጠረግ። የዘይቱ ዓይነትና መጠን ከመኪናው መጽሐፍ ይታይ፤ ለብዙ መኪኖች የሚታዘዘው 80 ደብልዩ 90 የተባለው፥ ጂ ኤል 5 የሚል ምልክት ያለበት ነው። የሞተር ዘይት በግምት አይጨመርበት።

አሮጌው ዘይት በመሬት ላይ ወይም በፈሳሽ ውስጥ አይደፋ። የአንገረብ ግድብ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ በላይ የተደፋውም በዝናብ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በተከደነ ጀሪካን ተይዞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

መጽሐፉ የወሰነው ኪሎ ሜትር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ በግንቦት ከዝናቡ በፊት፥ በጥቅምትም ወንዞቹ ከጐደሉ በኋላ ዘይቱን መመርመር ይገባል። ወንዝ ውስጥ ጠልቆ የወጣ መኪና ግን ወራቱን ሳይጠብቅ ወዲያው ይመርመር። የአንድ መኪና ዘይት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሊትር ነው። ይህ ተንቆ መኪናው በሰኔ በሊማሊሞ ላይ ቢቆም ግን የሚጐዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ዘሩን የሚጠብቀው ገበሬ መሬቱን አርሶ እያለ የመዝሪያው ወራት ያልፍበታል። በሬውን ሳያበላ የሚጠምድ ገበሬ እንደሌለ ሁሉ፥ ሹማምንትም መኪና ወደ ገጠር ሲልኩ ዲፈረንሻሉ መታየቱን አስቀድመው ይጠይቁ።