ሦስት ውሻ፣ አንድ ስልክ፦ የማዳምን ውሾች አንድ ላይ ፎቶ ስታነሺ ማወቅ ያለብሽ

እህቴ፣ ሥራችን ውስጥ ኮንትራቱ ላይ ያልተጻፈ ስንት ነገር አለ! አንዱ የውሻ ፎቶ ነው። እኔ ያለሁት ቤይሩት ነው። እዚህ ውሻ ያለበት ቤት የገባች ልጅ ውሾቹን ጠዋትና ማታ ታንሸራሽራለች፣ ታበላለች፣ ታጥባለች። ማዳም ውጭ አገር ስትሄድ ደግሞ በዋትሳፕ «ሦስቱንም አንድ ላይ አንሺና ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። አንድ ውሻ ማንሳት ቀላል ነው። ሦስት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲያይሽ ሌላው ይዞራል፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል። ሰዓቱ ይሄዳል፣ የቤቱ ሥራ ደግሞ እዚያው ይጠብቅሻል።

ይሄን የምጽፍልሽ ግን ፎቶው እንዲያምር ብቻ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት በሙቀቱ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተራራ ወጥተን ነበር። የሦስቱን ማሰሪያ ግራ እጄ ላይ ጠቅልዬ፣ በቀኜ ስልክ ይዤ፣ ጥድ ሥር ላነሳቸው ስል ድመት አለፈች። ትልቁ ውሻ ሲስበኝ በጉልበቴ ወደቅኩ፣ ማሰሪያው መዳፌን ላጠው። ትንሿ አምልጣ አስፋልት ገባች። ሹፌሩ ፍሬን ባይዝ ኖሮ አልቆላት ነበር። ማታ ማዳም ስለ እጄ አልጠየቀችኝም። «ብትሞት ኖሮ ከደመወዝሽ ነበር የምቆርጠው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። የብዙ ውሾች ፎቶ የሚያምረውም የሚበላሸውም ስልኩን ከኪስሽ ሳታወጪ በፊት ነው።

ብቻሽን አትሞክሪ

ከሁለት ውሻ በላይ ከሆነ አንድ ሰው ማሰሪያ ይያዝ፣ አንድ ሰው ፎቶ ያንሳ። ናጡሩ ይሁን፣ የማዳም ልጅ ይሁን፣ ውሻ የማትፈራ ጓደኛሽ ትሁን፣ ብቻ ሁለት ሁኑ። ማዳም «ብቻሽን አድርጊው» ካለችሽ በትህትና እንዲህ በያት፦ «ማዳም፣ ማ ፊዬ ላሐሌ፣ በዲ ሐዳ ይሳዕድኒ»። ብቻዬን አልችልም፣ የሚረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ ማለት ነው። በዋትሳፕ ድምፅ ብትልኪላት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቀድመሽ መናገርሽ ይታወቅልሻል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

ማሰሪያውን እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው። ውሻው ከሮጠ ወይ ይጥልሻል ወይ ጣትሽን ይሰብረዋል። ለፎቶ ብለሽም ክፍት ቦታ ላይ ማሰሪያ አትፍቺ። ረዳትሽ ከኋላቸው ቆማ ማሰሪያውን ወደ ኋላ ትያዘው፣ ከፊት ብዙም አይታይም። የሚታየውን ደግሞ አዳዲስ ስልኮች ፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ በጣትሽ ስትነኪው ያጠፉልሻል። ማሰሪያ ከፎቶ ላይ ይጠፋል፣ የጠፋ ውሻ ግን አይመለስም።

ሰዓትና ቦታ

በሙቀቱ ወራት ወይ ጠዋት በማለዳ፣ ወይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውጪ። አስፋልቱን በእጅሽ ጀርባ ሰባት ሰከንድ ንኪው። እጅሽ ካልቻለው የውሻውም እግር አይችለውም። ውሃ ያዢ። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ውሾች ሙቀት ቶሎ ስለሚጎዳቸው እነሱን ብዙ አታቁሚያቸው።

ብርሃኑ ፊታቸው ላይ መሆን አለበት። ራውሼ አካባቢ ኮርኒሽ ላይ ባሕሩ በምዕራብ በኩል ነው። ጠዋት ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ካስቀመጥሻቸው ብርሃኑ ከሕንፃዎቹ በኩል መጥቶ ፊታቸውን ያሳያል። ማታ በዚያው ቦታ ካነሳሽ ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለምትሆን ሦስት ጥቁር ጥላ ነው የሚወጣልሽ። ቀን ላይ የግድ ከሆነ ሁሉም ጥላ ውስጥ ይግቡ። ግማሹ ፀሐይ ላይ ግማሹ ጥላ ውስጥ ከሆነ ፎቶው አያምርም።

መጀመሪያ ግን ሩብ ሰዓት ያህል አንሸራሽሪያቸው። ሽንታቸውን ይሽኑ፣ ቦታውን ያሽትቱ። ከቤት እንደወጣ «ተቀመጥ» የሚባል ውሻ አይቀመጥም።

ማንን የት ታስቀምጫለሽ?

ረጋ ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ትልቁን፣ መጀመሪያ መሃል አስቀምጪ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። የማይረጋውን መጨረሻ ላይ አምጪ፣ ምክንያቱም እሱ የሚቆየው ትንሽ ሰከንድ ነው። የሚኮራረፉትን ጎን ለጎን አታድርጊ፣ ረጋ ያለው መሃላቸው ይሁን። አጭሩ እንዳይሸፈን ደረጃ ካለ እሱን ከፍ አድርጊው።

ሁሉም ካንቺ እኩል ይራቁ። አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ከሆነ ካሜራው አንዱን አጥርቶ ሌላውን ያደበዝዘዋል። የሚያውቁትን ቃልም ቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ቤት አንዱ የሚገባው «ሲት» ሲባል ነው፣ ሌላዋ በፈረንሳይኛ «አሲ» ካላልኳት ዝም ብላ ታየኛለች።

ስልኩ

ተንበርከኪ፣ ስልኩ በዓይናቸው ከፍታ ይሁን። ቆመሽ ካነሳሽ ጭንቅላትና ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ነጭና ጥቁር ውሻ አብረው ካሉ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን ንኪው፣ ፊቱ ይወጣል። ነጩ በጣም ካበራ አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች ጎትቺ።

አንድ አንድ እያልሽ አታንሺ፣ በተከታታይ አንሺ። አይፎን ላይ የማንሻውን ቁልፍ ወደ ግራ ጎትተሽ ያዢው። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ወደ ስልኩ ጠርዝ ጎትተሽ ያዢው። በአንዴ ብዙ ፎቶ ይነሳል፣ ሦስቱም ያዩሽን ትመርጪያለሽ።

ድምፅ የምታሰሚያቸው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የምትጮኸዋን አሻንጉሊት ወይም የብስኩት ፌስታል አንዴ አንኳኪ፣ ሦስቱም ጆሯቸውን አቁመው ያዩሻል። ደጋግመሽ ካሰማሽ ይለምዱትና አይዞሩልሽም። ብስኩቱን መሬት ላይ አትበትኚ፣ የውሻ ጠብ የሚነሳው በምግብ ነው። መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ በየቦታው ስጪ።

መቼ ታቆሚያለሽ?

ውሻ ሳይደክመው ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ከከተተ ጨንቆታል። ሰውነቱን አድርቆ ሌላውን ካፈጠጠበት ደግሞ ጠብ ሊነሳ ነው፣ ቶሎ አራርቂያቸው። ከተጣሉ እጅሽን መሃል አታስገቢ። ውሃ ድፊባቸው ወይም ኃይለኛ ድምፅ አሰሚ። አምስት ደቂቃ ሞክረሽ ካልሆነ ለየብቻ አንስተሽ ላኪ። ማዳም ብትቆጣ ነገ ይበርድላታል።

ከነከሰሽ አትደብቂ። የራስሽ ቤት ውሻ ቢሆንም ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቢ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሊባኖስ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድላል፣ ክትባቱ የሚያድንሽ ቀድመሽ ከተወጋሽ ነው። የውሻውን የክትባት ደብተር ጠይቂ። ለመኖሪያ ፈቃድሽ የተገባልሽ ኢንሹራንስ፣ እነሱ ታሚን የሚሉት፣ ይሸፍን እንደሆነም ማዳምን ጠይቂያት።

ከውሾቹ ኋላ ምን ይታያል?

ከማንሳትሽ በፊት ከኋላ ያለውን እይ። ወታደር፣ ኬላ፣ የጦር መኪና ካለ ዞር በይ፣ ለውሻ ፎቶ ብለሽ ጣጣ ውስጥ አትግቢ። የሰው ልጆችም አይግቡበት። ኤምሬትስ ያላችሁ እህቶች በተለይ ተጠንቀቁ። በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳትን በእስራት ወይም ከ150 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም ቅጣት ያስጠይቃል። የማዳምን ውሾችና ግቢዋንም ሳትጠይቂ ቲክቶክ ላይ አትለጥፊ።

የኔ መዳፍ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። አሁን ፎቶ ስባል መጀመሪያ የምለው «ማን ይረዳኛል?» ነው። ማዳምም ለምዳዋለች፣ ናጡሩን ራሷ ደውላ ትጠራልኛለች። አንቺም ሳይደርስብሽ ልመጂው። ፎቶው ቢደበዝዝ ሌላ ቀን ይነሳል፣ ያንቺ እጅ ግን ለነገም ሥራ ያስፈልግሻል።