ጠረጴዛውን ማን አንቀሳቀሰው?

ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር በ1853 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ወሬ አገሩን አዳረሰ። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋሉ። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ጠረጴዛው ንቅንቅ ይላል፤ ይዞራል። ማንም አልገፋውም! «መንፈስ ነው» አሉ አንዳንዶቹ። «የለም፣ ኤሌክትሪክ ነው» አሉ ሌሎቹ። የተማሩ የሚባሉትም ሳይቀሩ አመኑ።

ታዲያ ብዙ ሰው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» እያለ ማይክል ፋራዴይን ይጠይቀው ጀመር።

ፋራዴይ ማን ነው? ትልቅ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ፊዚክስ የብርሃንን፣ የሙቀትን፣ የኤሌክትሪክን ጠባይ የሚመረምር ትምህርት ነው። ፋራዴይ በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። («ቀጥቃጭ» ብሎ መስደብ የለመደ ሰው ይህን ልብ ይበል።) ቤተሰቡ ድኻ ነበር። በ1801 እህል በተወደደ ጊዜ ለማይክል በሳምንት አንድ ዳቦ ብቻ ትደርሰው ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍና መቁጠር ተማረ፣ በቃ። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጠረ። ቀን መጽሐፍ ይጠርዛል። ሥራው ሲያልቅ የጠረዘውን ያነባል።

ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን የጻፈችው ጄን ማርሴት የምትባል ሴት ናት። መጽሐፉ ስለ ኬሚስትሪ ነው፤ በአስተማሪና በተማሪዎች ጭውውት መልክ የተጻፈ ነው። ፋራዴይ አንብቦ ዝም አላለም። ከኪሱ በምትገኘው ጥቂት ሳንቲም ዕቃ እየገዛ የተባለውን ሞከረው። እውነት ሆኖ አገኘው። ያን ጊዜ መጽሐፉን አመነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አንባቢ የሆነ ሰው ፊደል የለየበት ቀን ደስታው ልክ የለውም። በዚያው ልክ የታተመ ሁሉ እውነት ይመስለዋል። በማስተምርበት ጣቢያ አንዲት እናት «ልጄ፣ መጽሐፍም ይዋሻል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን እማማ፣ ይዋሻል። መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ነው።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ፋራዴይ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ወፍራም ወረቀቶች በላይ በላዩ ደራረበ። በመካከላቸው ለስላሳ ሙጫ አደረገ። የነበሩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ከጠረጴዛውና ከሰዎቹ እጅ መካከል አስገባቸው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው በራሱ የሚሄድ ከሆነ የታችኛው ወረቀት ይቀድማል፤ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። እጅ የሚገፋው ከሆነ ግን የላይኛው ይቀድማል። ምን ሆነ መሰላችሁ? የላይኛው ቀደመ!

ቀጥሎ የእጅን ግፊት የሚያሳይ ቀጭን ጠቋሚ ሠራ። ሰዎቹ ጠቋሚውን እያዩ ሲቀመጡ ጠረጴዛው አልንቀሳቀስ አለ።

ፋራዴይ ሰዎቹን ውሸታሞች አላላቸውም። ቅኖች ናቸው፤ እየገፉ መሆናቸውን ግን አያውቁም ነበር። እንዲዞር ስለ ጠበቁ እጃቸው ሳያውቁት ሠራው። እኔ ከፋራዴይ ሥራ ሁሉ ይህችን አጥብቄ የምወዳት ለዚህ ነው። ውጤቱን ዘ ታይምስ በተባለው ጋዜጣ አወጣ። ብዙ ሰው ግን አልተቀበለውም፤ መንፈሱን መረጠ።

በዚህ ነገር ፋራዴይ በጣም አዘነ። በ1854 ለንደን ላይ ስለዚሁ ንግግር አደረገ። ጉድለታችን የማመዛዘን ጉድለት ነው አለ። ሰው አለማወቁን እንኳ አያውቅም። የሚመኘውን የሚደግፍ ወሬ ሲሰማ ቶሎ ይቀበላል፤ የሚቃወመውን ይጠላል። ማስረጃ ካልበቃ ፍርድን ማቆየት ይገባል፤ «ገና አላወቅሁም» ማለት ይልመድ ነው ነገሩ። ፋራዴይ ራሱ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ነበር። የሃይማኖቱን ነገር ግን ከዚህ ምርመራ ለይቶ አስቀመጠው።

በራሱም ሐሳብ ላይ ይህንኑ ሚዛን ተጠቅሟል። ማግኔት ማለት ብረትን የሚስብ ብረት ነው። በላዩ ወረቀት አድርጋችሁ በሞረድ የተፋቀ የብረት ብናኝ ብትነሰንሱና ወረቀቱን መታ መታ ብታደርጉ፣ ብናኙ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ይሰለፋል። መስመሮቹ ከማግኔቱ አንድ ጫፍ ተነሥተው፣ ጎብጠው፣ ወደ ሌላው ጫፍ ይደርሳሉ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት «ማግኔት ከሩቅ ይስባል፤ በመካከል ምንም የለም» ይሉ ነበር። ፋራዴይ ግን በመካከል ያለው ባዶ የሚመስለው ቦታ ራሱ ሥራ አለው ብሎ አሰበ። ሆኖም መስመሮቹ የሚያሳዩትንና የሚለካውን ለብቻ፣ «መስመሮቹ በእውነት ያሉ ነገሮች ናቸው ወይ?» የሚለውን ግምቱን ደግሞ በ1852 ለብቻ ጻፈ። ግምቱንም ግምት ብሎ ጠራው። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ «መስክ» ብሎ የሚማረው ከዚህ ሐሳብ የበቀለ ነው።

ይህ ሰው በ1831 ማግኔትን በተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳይቷል። የቆቃ ውሃ መብራት የሚሰጠው በዚሁ ሕግ ነው።

ፋራዴይ የሒሳብ ትምህርት አልነበረውም። ጄምስ ማክስዌል የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ስለ መስመሮቹ በሒሳብ ጽፎ ላከለት። ፋራዴይ ያንን ሁሉ ሒሳብ ሲያይ መጀመሪያ ደነገጠ። በ1857 በጻፈለት ደብዳቤ «የደረሳችሁበትን ነገር እኛም እንድንሠራበት በተራ ቋንቋ ብታስቀምጡልን ምናለበት?» የሚል ጥያቄ አቀረበለት። ማክስዌልም አልናቀውም። በ1873 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ኤሌክትሪክን ማጥናት ሲጀምር የፋራዴይን መጻሕፍት ሳይጨርስ በነገሩ ላይ የተጻፈ ሒሳብ ላለማንበብ ወስኖ እንደ ነበረ ጽፏል።