ጊዜ የሚያሽረውና ቀን የማይሰጠው የቆዳ ሕመም

ቫይረስ ቆዳ ላይ የሚያወጣቸው ሕመሞች አብዛኞቹ ማንም ሳይነካቸው ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን በጊዜ ካልተደረሰላቸው ዓይን ያጠፋሉ፣ ለወራትና ለዓመታት የሚያቃጥል ሥቃይ ትተው ይሄዳሉ፣ ሕፃን ይገድላሉ። ከደምበጫ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ገጠር፣ እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ትልቁ ችግር የሁለቱ ወገኖች ቦታ መለዋወጥ ነው። ሊታገሡት የሚገባው ኪንታሮት በምላጭ ይቆረጣል፣ በቁልቋል ወተት ይቃጠላል፤ ሊጣደፉለት የሚገባው አልማዝ ባለጭራ ደግሞ «እስኪ ይታይ» እየተባለ ሳምንት ይሞላዋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ሕመሙን መለየት ይቀድማል። በቫይረስ ለሚመጡ የቆዳ ሕመሞች መለየቱ ራሱ የሕክምናው ትልቁ ክፍል ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ቆዳ ለሁሉም ዓይን ክፍት ስለሆነ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ጭርትና ቋቁቻ የፈንገስ ሕመሞች ናቸው። እከክ የሚመጣው ቆዳ ውስጥ ከሚቦረቡሩ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት ሲሆን፣ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ አለው፤ ብዙ ጊዜም ቤተሰቡን በሙሉ ይይዛል። ፊት ላይ ለወራት የማይሽር ቁስል የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ሲነኩት ስሜት የሌለው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ደግሞ ለሥጋ ደዌ መመርመር አለበት። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ አንዳቸውም የቫይረስ ሥራ አይደሉም። ለሁሉም ቁስል የሚቀባው ቲቲሲም ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ከዚህ የከፋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ማሳከኩን ለጥቂት ቀናት ስለሚያበርድ ያዳነ ይመስላል፤ ከሥር ግን የቆዳውን መከላከያ አዳክሞ ቫይረሱ እንዲስፋፋ ያግዘዋል።

ኪንታሮት እዚህ የሚባለው በእጅና በእግር ላይ የሚወጣው ነው፤ የመቀመጫው ሌላ ሕመም ነው። መንስኤው ከ200 በላይ ዓይነት ያለው ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ በጥቃቅን ጭረትና ስንጥቅ ይገባል። ክረምት ከጭቃ ጋር ሲታገል የዋለ ባዶ እግር፣ ውኃ ያላላውና እሾህ የወጋው ቆዳ፣ ጥሩ በር ነው። ውስጥ እግር ላይ ሲወጣ የሰውነት ክብደት ወደ ውስጥ ስለሚጫነው ጠጠር የረገጡ ያህል ያማል፤ ጫማ ካደነደነው ቆዳ ጋርም ይምታታል። መለያው ግልጽ ነው። በደነደነ ቆዳ ላይ የእግሩ መስመሮች ሳይቋረጡ ያልፋሉ፣ ኪንታሮት ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ላዩ ቀስ ብሎ ሲፋቅም ደም የረጋባቸው ቀጫጭን ሥሮች እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ይላሉ። ሕፃናት ላይ ከሚወጣው ኪንታሮት ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይጠፋል። ሰውነት ቫይረሱን እስኪያውቀው ጊዜ ይወስድበታል፤ ካወቀው በኋላ ግን ያጸዳዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። አያቶቻችን በቁልቋል ድነዋል፣ በፈረስ ጭራ አስረው አርግፈዋል፤ ሐኪሙ የሚሰጠውስ ቆዳ የሚልጥ አሲድ አይደለም ወይ? ነው። ሆኖም በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ራሱ የሚጠፋ ሕመም፣ የተሞከረበትን ሁሉ መድኃኒት ያስመሰግናል። በሰኔ የተቀባ ቁልቋል በጥቅምት ለጠፋ ኪንታሮት ምስጋናውን ይወስዳል። የአሲዱና የቁልቋሉ ልዩነት ደግሞ መጠኑ ላይ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ብዙ ጊዜ 17 ከመቶ ሆኖ ይዘጋጃል። እግሩ ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ የሞተው ቆዳ ተፍቆ፣ ዙሪያው በቫዝሊን ተከልሎ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ይቀባል። የቁልቋል ወተት ግን ልክ የለውም። ጤነኛውን ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ ይተዋል፤ በእጅ ተነክቶ ዓይን ውስጥ ከገባም ብሌኑን ያቆስላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር ምላጭ ሄፓታይተስ ቢንና ኤች አይ ቪን ሊያሻግር ይችላል። አሲዱም ቢሆን ለፊትና ለብልት አካባቢ አይሆንም፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪም ሳያማክር እግሩ ላይ ሊሞክረው አይገባም። ብልት ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የዚሁ ቫይረስ ቤተሰብ አደገኛ ዓይነቶችን የሚከላከል ነው። የእጅ ኪንታሮት ግን ወደዚያ ካንሰር አይለወጥም፤ ይህን ማወቅ ብዙ እናቶችን ከስጋት ያሳርፋል።

በሕፃናት ፊት፣ ብብትና ሆድ ላይ የሚወጡ፣ የሚያብረቀርቁ፣ መካከላቸው የተሰረጎደ ጥቃቅን እብጠቶች ሞለስከም ይባላሉ። ቫይረሱ የፈንጣጣ የሩቅ ዘመድ ነው። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓመቱ በሶማሊያ ከታየው የመጨረሻ ሕመምተኛ በኋላ በተፈጥሮ የሚተላለፈው ፈንጣጣ ከዓለም ጠፍቷል። ሞለስከም የዚያ ክፋት የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ ይሄዳል። በጥፍር ማፍረጥ ግን ያዛምተዋል፤ ስለዚህ ፎጣ መለየት፣ ጥፍር መቁረጥና መታገሥ ይበቃል። በአዋቂ ሰው ፊት ላይ በብዛት ከወጣ ግን የሰውነት መከላከያ መዳከሙን ሊያመለክት ስለሚችል የኤች አይ ቪ ምርመራ ይገባዋል።

ምች ሌላ ነገር ያስተምራል። ከንፈር ዳር ውኃ የቋጠሩ ብጉሮችን የሚያወጣው ሄርፐስ ቫይረስ፣ በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በታች ካሉ ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ይዘውት የሚኖሩት ነው። ብዙዎቹ በልጅነት ይይዛቸዋል፤ ቫይረሱም ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ትኩሳት፣ ድካምና ብርቱ ፀሐይ ይቀሰቅሱታል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ «የፀሐይ ምች» ሲል የተናገረው ከዚህ ጋር የሚገጥም እውነተኛ ትዝብት ነው። ዳማከሴም ቢሆን እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ትኩሳት የማብረድ ባሕርይ ታይቶበታል። ቁስሉ ዳማከሴ ኖረም አልኖረም ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ስለሚሽር፣ ከንፈር ላይ ዳማከሴ መቀባቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። የምነቅፈው ዓይን ውስጥ መጭመቁን ነው። ከንፈሩ የቆሰለ ሰው አራስ ሕፃን መሳምም የለበትም፤ በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት ይህ ቫይረስ አንጎል ድረስ ዘልቆ ሊገድል ይችላል። ችፌ ያለበት ልጅ በድንገት ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ በተመሳሳይ ክብ ቁስሎች ከተሞላም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ቀን የማይሰጠው ዋናው ሕመም አልማዝ ባለጭራ ነው። በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ ጉድፉ ከዳነ በኋላም ከነርቭ ሥር አይለቅም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መከላከያው ሲደክም፣ የአንድ ነርቭን መንገድ ተከትሎ ይወጣል። ሽፍታው ከመታየቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ሕመሙ ይጀምራል፤ በዚህም የተነሣ ጎን ውጋት፣ ኩላሊት ወይም ልብ ይመስላል። ከዚያ በአንድ ወገን ብቻ ውኃ የቋጠሩ ብጉሮች ይወጣሉ፤ የሰውነትን መካከለኛ መስመር አያልፉም። ይህን ምልክት የትኛውም ገበሬ፣ የትኛዋም እናት ያለ መሣሪያ ልታየው ትችላለች። አሲክሎቪር የሚባለው እንክብል ለአዋቂ በተለመደው መጠን 800 ሚሊግራም፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ግንባር፣ የዓይን ቆብ ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን አደጋ ላይ ስለሆነ ጉዞው ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሆን አለበት፤ ሰባ ሁለት ሰዓቱ ቢያልፍም እንኳ።

«ያለ መድኃኒትም በወር ውስጥ ይድናል» የሚል ሰው ከፊል እውነት አለው፤ ቆዳው ይድናል። ነርቩ ግን ሁልጊዜ አይድንም፤ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ልብስ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥል ሕመም ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቀራል። ሌላው ተቃውሞ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ ብዙ ሰው ከጤና ጣቢያ የሚሸሸው አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ተብሎ ስለሚታማ ነው። ሐሜቱ ስሕተት ነው፤ ዕድሜ፣ ድካምና ሌሎች ሕመሞችም ያመጡታል። ሆኖም በወጣትነት ሲወጣ መመርመር ይገባል፤ ምርመራውም የሚጠቅመው ሕመምተኛውን ራሱን ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በወቅቱ የጀመረ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። መደበቁ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የጠፋ ጊዜ ነው።

መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘብም የለም የሚለው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል። በአገሪቱ የቆዳ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ለዘመናት የታወቁት የቆዳ ሕክምና ማዕከላትም አዲስ አበባ ያለው አለርትና ወሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ናቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱንም አገልግሎቱንም አውኮታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሕመሙን የመለየትን ጥቅም ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ለኪንታሮትና ለሞለስከም የማይወጣ የትራንስፖርት ብር፣ አልማዝ ባለጭራ ዓይን አጠገብ ሲወጣ ይተርፋል። በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህን ልዩነት ለማስተማር ከማንም በላይ ለቤቱ ቅርብ ናቸው።

የአልማዝ ባለጭራ መነሻ የሆነው ጉድፍ ራሱ ልጆችን ብዙም አይጎዳም። ሽፍታው በደረትና በጀርባ ይበዛል፤ ቀይ ነጥቡ፣ ውኃ የቋጠረውና የደረቀው በአንድ ጊዜ አብረው ይታያሉ። ጥፍር መቁረጥ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል መስጠት ይበቃል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ሴትና ገና የተወለደ ሕፃን ከታማሚው መራቅ አለባቸው።

ኩፍኝ ግን ይገድላል። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ይመጣሉ፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» ብሎ ልጁን ጨለማ ቤት ማስተኛት የቆየ ልማድ ነው። ብርሃን ዓይኑን ስለሚወጋው ደብዘዝ ያለ ክፍል አይጎዳውም፤ ከሰው ለይቶ ማቆየቱም ትክክል ነው፤ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለአራት ቀን ያህል ያስተላልፋልና። የሚጎዳው ምግብና ጡት መከልከሉ፣ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ለኩፍኝ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ በመርፌ ሳይሆን በአፍ የሚወሰድ ጠብታ ነው። ሕመሙ በታወቀበት ቀንና በማግሥቱ፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን 50,000፣ እስከ አሥራ አንድ ወር ላለው 100,000፣ አንድ ዓመት ለሞላው 200,000 ዩኒት ይሰጠዋል፤ ዓይነ ስውርነትንና ሞትን ይቀንሳል። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ ሌሊትም ቢሆን መወሰድ አለበት። ክትባቱ በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር ይሰጣል፤ መንገድ ተዘግቶ ወይም ጤና ኬላው ሳይሠራ ቀርቶ ያለፈው ልጅም ዕድሜው አለፈ ተብሎ አይተውም፤ ካርዱን ይዞ፣ ካርዱ ከጠፋም ያለ ካርድ፣ አገልግሎቱ በተከፈተ ጊዜ ወስዶ ማስከተብ ይቻላል።